ያልዞረው ወንበር

ኅዳር 12

ለወንድሜ ለሽቦ፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? የዚያ ተራራ ብርድ ያቺን የቀረችህን ሥጋ እንዳይጨርሳት እሰጋለሁ። እኛ ደህና ነን። መልስ ስላዘገየሁብህ ይቅር በለኝ፤ የዕቃ መኪናው የሚነሳበት ቀን እያመለጠኝ ደብዳቤው መሳቢያ ውስጥ ከረመ።

ከተማው ለምን ወይዘሮ ግድግዳ እንደሚለኝ ጠይቀሃል። መጀመሪያ ሳቅህን ጨርስና አንብብ። ሥራዬን ታውቀዋለህ፤ የአስተዳደሩ የሥነ ምግባር ክትትል ኃላፊ ነኝ። ምክር ቤቱ ሲሰበሰብ እገኛለሁ፣ ከአባላቱ አንዱን ወይም ዘመዱን የሚነካ ጉዳይ ሲመጣ ያ ሰው ከውሳኔው እንዲወጣ አደርጋለሁ። ቀድሞ ከአዳራሹ ይወጡ ነበር። በሩ ግን ያበጠ እንጨት ነው፣ በትከሻ ካልገፉት አይከፈትም። የወጣውም ሰው መስኮት ሥር ቆሞ ያዳምጣል፣ ሲያሻው ያስላል፣ ውስጥ ያለው ወዳጁ ሳሉን ይተረጉምለታል። ስለዚህ ሌላ ደንብ አወጣሁ። ጉዳዩ የሚነካው ሰው ወንበሩን አዙሮ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያደርጋል። ጉዳዩ እስኪዘጋ አይዞርም፣ አይናገርም፣ አያስልም። ማንም አያናግረውም።

መጀመሪያ ሳቁብኝ። በኋላ ሰብሳቢው ራሳቸው ለወንድማቸው የወፍጮ ቤት ፈቃድ ሲዞሩ ሳቁ ቆመ፤ መላጣቸው እስከ ማጅራታቸው መውረዱንም ያወቅነው ያን ቀን ነው። የአዳራሹ ወንበሮች ከባድ ስለሆኑ ሲዞሩ ወለሉን እየፋቁ ይጮኻሉ። ያ ድምፅ ሲሰማ ሰዉ ደስ ይለዋል። እኔም ስሰማው ደመወዜን ሠርቼ የበላሁ ይመስለኛል።

እማዬ ጉልበቷን ከማለት በቀር ደህና ናት። አባዬ አሁንም ከሰዓት በኋላ በጓሮው ክፍል ይመላለሳል ትላለች። ካረፈ ወዲህ ያልተወችው ነገር ነው። "ጫማውን አውልቆ ነው የሚሄደው፣ እንዳልነቃ ብሎ" አለችኝ ባለፈው። እኔ እሺ ብያት አልፋለሁ። አንተ አምና እዚያ በሰነበትክ ጊዜ የሰማኸው ነገር ነበር? እንዲያው ለነገሩ ነው የጠየቅኩህ።

ሌላ ወሬ፣ ከክረምቱ በፊት ትልቅ የጎርፍ መውረጃ ቦይ ሊቆፈር ነው። በየት በኩል እንደሚያልፍ ገና አልተወሰነም። ይቆየን።

እህትህ


ኅዳር 29

ለእትዬ፣ ለክብርት ወይዘሮ ግድግዳ፣

እጅ ነስቻለሁ። ደብዳቤሽ በዱቄት ከረጢትና በገመድ ጥቅል መካከል ታሽቶ ደረሰኝ። ለባልደረቦቼ አነበብኩላቸው፤ ደንብሽን ወደዱት። ካርታ ስንጫወት ያጭበረበረውን ወደ ግድግዳ እናዞረዋለን። የወጥ ቤት ሠራተኛችንን ፊት ካየን ሰነበትን።

ለጠየቅሽኝ፣ አዎ ሰምቻለሁ። ያኔ ያልነገርኩሽ "ይህን አክለህ ፈራህ" ትይኛለሽ ብዬ ነው። ከምሳ በኋላ በጓሮው ክፍል ጋደም ብዬ ነበር። የወለሉ ጣውላ ከመስኮቱ ጀምሮ ቀስ እያለ ጮኸ፣ እስከ በሩ ድረስ። እንጨት ፀሐይ ሲነካው እንደሚንጫጫ አውቃለሁ፤ ይህን የማላውቅ አይምሰልሽ። ግን የሚንጫጫ እንጨት ተራ ጠብቆ፣ በር ጋ ደርሶ ቀጥ አይልም። እማዬ ከሳሎን "ግባ፣ ልጁ ነው የተኛው" አለች። እኔን መስሎኝ መልስ ልሰጣት አፌን ከፈትኩ። ለእኔ አልነበረም። ተነስቼ ጫማዬን እንኳ ሳላስር ከተማ ወጣሁ፣ እስኪመሽም አልተመለስኩም። ሳቂ እንግዲህ።

ስለ ቦዩ ጀመርሽና "ይቆየን" ብለሽ ተውሽው። አንቺ ነገር ስታቋርጪ እኔ ደግ ነገር አልጠብቅም። ሰፈራችን ዝቅተኛ ነው። ቦዩ በዚያ ቢያልፍ እማዬን ከዚያ ቤት ማን ያወጣታል? ደግሞ አንቺ ለእናትሽ ቤት ትዞሪያለሽ ወይስ ትናገሪያለሽ? ዛሬውኑ መልሺልኝ።

ታናሽሽ፣ ሽቦ


ጥር 10

ለወንድሜ፣

ብዙ ሰላምታ። መልሴ ስላጠረ ቅር አይበልህ፣ ደክሞኛል።

ሁለት መስመር ነበር የቀረበው፤ አንዱ በታችኛው መንገድ በመጋዘኖቹ በኩል፣ አንዱ በእማዬ ሰፈር። ትናንት ተወሰነ።

አዎ፣ ዞሬአለሁ። ሌላ ምን ላደርግ? ደንቡን ያወጣሁት እኔ፣ ሌላውን ያዞርኩት እኔ። ግድግዳው ላይ ቀለሙ ተልጦ ሥሩ ያለው አረንጓዴ ይታያል፣ ሥዕል የሌለበት ምስማር አለ። እሱን ሳይ ቆየሁ። ሰው ከኋላህ ሆኖ ሲናገር ሌላ ሰው ይሆንብሃል። በየቀኑ የማያቸው ሰዎች መሆናቸውን ተጠራጠርኩ።

በእማዬ በኩል ሆነ። ቤቷና የጎረቤቶቿ ቤት ከክረምቱ በፊት ይነሳሉ፣ ምትክ ቦታ ይሰጣቸዋል። እኔው ሄጄ ነገርኳት፣ ከሌላ እንዳትሰማ። እስክጨርስ ሰማችኝ፣ ከዚያ "ለአባትሽስ ማን ነገረው?" አለችኝ። "የት ብሎ ይመጣል?" አንጀቴን በላችው።

ፈቃድ ካገኘህ ብቅ ብትል መልካም ነበር። ሌላም የምጽፈው ነበረኝ፣ ግን ይቅር።

እህትህ


ጥር 27

እትዬ፣

ሰላምታዬን በኋላ ትቀበዪኛለሽ፣ በመጀመሪያ ንዴቴን ልወጣ።

ፈቃድ የለም። የኤሌክትሪክ መስመሩ ተዘርግቶ ሳያልቅ ማንም ከተራራው አይወርድም ተብለናል፤ ስለ መምጣት ለጠየቅሽኝ መልሱ ይኸው ነው። አሁን ወደ ጉዳዬ። የዕቃ መኪናው ሹፌር ከእነዚያ መጋዘኖች ነው የሚጭነው። ሻይ እየጠጣን ጨዋታ አነሳና ትልቁ መጋዘን የማን እንደሆነ ነገረኝ። ባለቤቱ የምክትል ሰብሳቢው ልጅ ባል ነው አለኝ። ጆሮዬን አላመንኩም፣ ደግሞ ጠየቅኩት። "ምን ያስገርማል? ከተማው የሚያውቀው ነው" አለኝ።

ስለዚህ ቦዩ በመጋዘኑ በኩል ካለፈ አማቹ ይጎዳል፣ በእማዬ ካለፈ ይተርፋል። ያ ሰው መዞር ነበረበት። አንድ ነገር ብቻ መልሺልኝ፤ ዞሯል ወይስ አልዞረም? አንቺ እኮ ነሽ የምታዞሪያቸው!

እኔም ዝም አላልኩም። አቤቱታ ጽፌ በዚሁ መኪና ለአስተዳደሩ ልኬአለሁ። እማዬን ሳሚልኝ። የማትወጣበት መንገድ ይገኛል በያት።

ሽቦ


የካቲት 13

ለወንድሜ፣

ደብዳቤህን አንብቤ አጠፍኩት፣ ደግሞ ዘረጋሁት። ሰላምታህን ስላስቀረህብኝ አልቀየምኩህም፣ የሚገባኝ እሱ ነው።

አልዞሩም።

ፊትሽ ወደ ግድግዳ ሆኖ እንዴት አወቅሽ ትለኝ ይሆናል። በጆሮዬ ነው። የእኔ ወንበር ሲዞር ወለሉ ጮኸ። ሰብሳቢው "ሌላ የሚነካው ሰው አለ?" ብለው ጠየቁ። ሁልጊዜ በዚህን ጊዜ አዳራሹን በዓይኔ ዞሬ "ይቅርታ፣ እርስዎ፣ ወንበርዎን" የምለው እኔ ነኝ። ሁለተኛው ወንበር እስኪጮህ ጠበቅኩ። መጋዘኑ የማን እንደሆነ እንደማውቅ ምክትሉ ያውቃሉ፤ ጀርባዬን እያዩ ዝም አሉ። ቀጥሎ የሰማሁት ድምፃቸውን ነው። "በሰፈሩ በኩል ቢሆን ለከተማው ይበጃል" አሉ፣ ረጋ ብለው። እጅ ሲወጣ ድምፅ የለውም። የጃኬት እጅጌ ሲንሻሻ ብቻ ሰማሁ።

ለምን አልተናገርሽም? የዞረ ሰው አይናገርም ይላል ደንቡ። ለራሴ የነገርኩት ይህን ነው። አንተን ግን አልዋሽህም፣ ፈርቼ ነው። ብናገር "አያችሁ፣ ለእናቷ ቤት ስትል ደንቧን ራሷ ጣሰችው" ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ስሜን ከእማዬ ቤት አስበለጥኩ። ይህን ስጽፍልህ እጄ ያፍራል።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጆሮዬ ሌላ ሆኗል። ቢሮ ተቀምጬ ያ ወንበር እስኪዞር እጠብቃለሁ። ሰው ሲያናግረኝ ግማሽ ጆሮዬ እዚያ ነው። ቤትም ጎረቤት ዕቃ ሲጎትት ብድግ እላለሁ። ሰው የሰማው ነገር ቢከታተለው ወግ ነው፤ እኔን የሚከታተለኝ ያልሰማሁት ድምፅ ነው።

አቤቱታህ ጠረጴዛዬ ላይ ደርሷል። ከፖስታው ላይ የእጅ ጽሑፍህን አውቄ አልከፈትኩትም፤ የወንድሜን አቤቱታ ማየት አልችልም። እኔ ማየት የማልችለው ጉዳይ ደግሞ ለምክትል ሰብሳቢው ይመራል። ይህንንም የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ያኔ ምክትሉ ከሁሉም የተሻሉ ጨዋ ይመስሉኝ ነበር። ስለዚህ መራሁላቸው። ብትስቅም አልፈርድብህም።

እህትህ


መጋቢት 6

እትዬ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? የምክትሉ መልስ ደርሶኛል። ማኅተም አለው፣ ፊርማው አንድ መስመር ሙሉ ይዟል። ስላሳየሁት ተቆርቋሪነት ያመሰግነኛል፤ አቤቱታዬ ግን ውኃ የሚያነሳ ሆኖ አልተገኘም። ሰውየውን በገዛ ራሱ ጉዳይ ዳኛ አደረግሽልኝ። ለባልደረቦቼ ብነግራቸው "ያጭበረበረውን አዙረን ካርታውን ግን እሱ ያድላል ማለት ነው?" አሉኝ። ከሳቁ በኋላ ግን ማናቸውም ካርታ አላነሳም።

ተናድጄ ነበር። "ፈርቼ ነው" ያልሽበት ላይ ስደርስ ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም። ከልጅነታችን ጀምሮ ስትፈሪ አይቼሽ አላውቅም። ለካስ ደብቀሽኝ ነው።

በደብዳቤሽ ጀርባ ስለ አባዬ በእርሳስ ጽፈሽ የሰረዝሽው ጥያቄ ይነበባል። አባዬ ቢኖር ምን ይልሽ እንደነበር አላውቅም። የሚናገር ሰው አልነበረም። ሲጨንቀው በጓሮው ክፍል ይመላለስ ነበር፣ ትዝ ይልሻል? ከመስኮት ወደ በር።

አሁን የምለውን በክፉ አትይብኝ። ልቀቂው ያንን ወንበር። ደንብሽን አትጣሺ፣ ግን ውጪለት። አንቺ እዚያ እስካለሽ ድረስ እማዬ አፍ ያለው ልጅ የላትም፤ እኔ ሩቅ ነኝ፣ አንቺ ደግሞ ግድግዳ። ከለቀቅሽ እንደማንኛውም ሰው ልጅ አቤት ማለት ትችያለሽ። ከዚያ መሥሪያ ቤት በላይ ሌላ መሥሪያ ቤት አለ።

ታናሽሽ፣ ሽቦ


ሚያዝያ 4

ለወንድሜ ለሽቦ፣

ለቅቄአለሁ።

ሰብሳቢው "ምን አጠፋን?" አሉኝ፣ ከልባቸው ነው የጠየቁኝ። ምክትሉ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው "ከተማው ተጎዳ" አሉ። እጃቸው ይሞቃል፣ ለስላሳ ነው። እጄን መንጠቅ አቃተኝ፣ እስኪለቁኝ ጠበቅኩ። ጸሐፊዋ አለቀሰች። ቁልፉን አስረከብኳት፤ ለክፍሉ ኃላፊ ተብሎ የሚመጣ የምስጢር ፖስታ ተተኪ እስኪመደብ እንዳይከፈት አደራ አልኳት። ሥራ ስትለቅም ሥራ አለው።

አቤቱታዬን ወደ በላይ መሥሪያ ቤት በእጄ ይዤ ሄድኩ። መዝጋቢው "ሥራ?" አለኝ። ለአፍታ ጠፋኝ። "ልጅ ነኝ" አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና "የባለቤቷ ልጅ" ብሎ ጻፈ። ያን ጊዜ ከደረቴ ላይ ድንጋይ የተነሳ መሰለኝ። ማፍረሱን ያስቆሙታል፣ ጉዳዩ ግልጽ ነው ብሎኛል አንድ ሌላ ሠራተኛ፤ የእግዱ ደብዳቤ በቅርቡ ይወጣል።

ቤቱ ላይ የሚፈርስ ነው የሚል ምልክት በቀይ ቀለም ቀብተዋል። እማዬ በእርጥብ ጨርቅ ስትፈትገው ሮዝ አድርጋዋለች። ዕቃዬን ጠቅልዬ እሷ ጋ ገብቻለሁ። ከጓዳ እስከ ሳሎን እየተከተለች "ቀጥነሻል" ትለኛለች፣ ራሷ ጉልበቷን እየጎተተች።

አንድ ነገር ልንገርህና ለማንም አታውራ። ትናንት ከምሳ በኋላ ሰማሁት። ሳህን እያጠብኩ ነበር። ከመስኮቱ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ መስኮቱ። በር ጋ ይቆማል ያልከው እውነት ነው። እኔም እጄ ውኃ ውስጥ እንዳለ ቆምኩ። እማዬ ካልጋዋ ሆና "ተዋት፣ እሷም ጨንቋት ነው" አለች። ለእኔ አልነበረም። ፈራሁ እንዳልልህ አልፈራሁም። ቤት ውስጥ ትልቅ ሰው እንዳለ ነው የተሰማኝ።

እህትህ


ግንቦት 24

ለወንድሜ፣

እንደምን ነህ? በተከታታይ የላክሃቸው ደብዳቤዎች ሁሉ ደርሰውኛል። ዝም ያልኩት ታምሜ አይደለም። እማዬም በሕይወት አለች፤ አስቀድሜ የጻፍኩልህ እየዘለልክ እንዳታነብ ነው።

የላይኛው መሥሪያ ቤት ውሳኔውን ሽሮታል። ምክር ቤቱ እንደገና ተሰብስቦ ነበር፣ እኔም ከሕዝብ ጋር ኋላ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ምክትሉ ዞሩ። ወንበራቸው ወለሉን ፍቆ ጮኸ፣ ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞሮ አየ። ያን ያህል ወራት የጠበቅኩት ድምፅ ነው፤ ሲመጣ ምንም አልሆንኩም። መስመሩ በመጋዘኖቹ በኩል ሆኗል። ያልከው ሁሉ ሆኗል።

አሁን ሳልጽፍልህ የቆየሁትን ልጻፈው። ቤቱ የለም።

ስብሰባው ሳይደረግ ነው ያፈረሱት። ዝናቡ እየመጣ ነው ብለው ቸኮሉ። የእግዱ ደብዳቤ ቀድሞ ደርሶ ነበር፤ የተጻፈው ግን ለሥነ ምግባር ክትትል ኃላፊ ነው፣ "በምስጢር" የሚል አለበት። ኃላፊ የለም። ጸሐፊዋ እንዳዘዝኳት አልከፈተችውም፣ ንጹሕ ጨርቅ ሸፍና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣዋለች። ስትነግረኝ እግሬ ላይ ልትወድቅ ነበር፣ አነሳኋት። ምን በድላ? እኔም ይህን ስጽፍ ልቀቂ ያልከኝ አንተ ነህ ልልህ አይደለም። እንዳታስበው። ሥራውን ባልለቅም ቤቱ አይቀርልንም ነበር፣ ወይም ይቀርልን ነበር፤ ሳስበው ነግቶ ይመሻል።

እማዬን ወደ ተከራየሁት ክፍል አምጥቻታለሁ። አላለቀሰችም። ከሰዓት በኋላ ሲሆን ጆሮዋን ጥላ ትቀመጣለች። የእኔ ክፍል ወለል ሲሚንቶ ነው፣ የመጣን ሰው አያስታውቅም። "ዛሬ ቀረ" ትለኛለች፣ የሥራ ሰው እንዳመሸ አድርጋ። ቦታው ይመለስልሻል፣ ሽቦ ሲመጣ ደግሞ ይሠራልሻል ብዬ ነገርኳት። እሺ አለች፣ እኔ እሷን እሺ እንደምላት።

ትናንት ከገበያ ስመለስ አጣኋት። ሮጬ የሄድኩት እዚያው ነው፣ ሌላ የት ትሄዳለች። በዚያ ጉልበቷ እንዴት እንደደረሰች እንጃ። የጓሮው ክፍል በነበረበት ጋ ጡብ ላይ ተቀምጣለች። ቦታው ሲታይ ትንሽ ነው፤ ያ ሁሉ ኑሮ እንዴት እንደበቃው ትገረማለህ። እጇን ያዝኩ፣ ቀዝቅዟል።

"እማዬ፣ ነይ እንሂድ" አልኳት።

"መጥቶ ነበር" አለችኝ። "በሩን ፈልጎ ፈልጎ አጣው፣ ተመለሰ።"

እውነቷን ነው ብዬ ነው የጠየቅኳት፣ ላጽናናት ብዬ አይደለም። "ታዲያ የት እንደገባን ለምን አልነገርሽውም?" አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። በእነዚህ ወራት አንድ ቀን እንኳ ተቆጥታኝ አታውቅም፣ ያኔም ቁጣ አልነበረባትም።

"አንቺ ትናገሪያለሽ ብዬ ዝም አልኩ" አለችኝ።

እህትህ